የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ቃላት ከድሬ ሆኖ ማጥናት

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ኢምፔሪያሊዝም ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። «እሺ፣ አንድ ምሳሌ ስጠኝ» ሲባል ግን ዝም ይላል። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው ምሳሌውን ነው። ታሪክ ሳስጠና በየዓመቱ የማየው ችግር ይኸው ነው። ቃሉን ይዘውታል፣ ነገሩን አልያዙትም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለመልቀቂያ ፈተና ለሚዘጋጁና ዩኒቨርሲቲ ገና ለገቡ ተማሪዎች ነው። ዜና ላይ «ማዕቀብ»፣ «የውክልና ጦርነት»፣ «የዋጋ ንረት» ሲባል ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሰውም ይሆናል። የድሬ ወይም የሐረር ልጅ ከሆናችሁ ሥራው ይቀላችኋል። ያ ክፍለ ዘመን በሰፈራችሁ አልፏል፤ ብዙውን ቃል ከምታውቁት ቦታና ሰው ጋር ማያያዝ ትችላላችሁ።

1. ደብተሩን አዘጋጁ

ወፈር ያለ ደብተር ግዙ። ለአንድ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ። አናቱ ላይ ቃሉን፣ ከሥሩ በራሳችሁ አባባል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ አራት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ማን አደረገው? በማን ላይ? መቼ? ዋጋውን ማን ከፈለ? የቀረውን የገጹን ክፍል ባዶ ተዉት፤ በኋላ የምትጨምሩበት አታጡም።

አራተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት እሱን ነው። የአንድ ቃል ክብደት የሚታወቀው ግን ማን እንደተራበ፣ ማን ቤቱን እንዳጣ፣ ማን እንደሞተ ስታውቁ ነው።

በፊደል ተራ አትደርድሩ። ቃላቱ እርስ በርስ የሚገናኙት በክስተት ስለሆነ በክስተት ሰብስቧቸው። በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቃል ይበቃል። ድሬ ላይ በቀትር ማጥናት አይታሰብም አቦ፤ ማለዳ ሙቀቱ ሳይነሳ ወይም ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ አድርጉት።

2. ዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ የዘለለ ተማሪ ሁሉን ቢያውቅም ይሳሳታል። መጻሕፍቶቻችን አንዴ በእኛ፣ አንዴ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ሁለቱን ደባልቆ የያዘ ሰው ነገሩ ሁሉ ይምታታበታል።

ሕጉ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ቀን ላይ 7 ስትጨምሩ የአውሮፓው ዓመት ይመጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ጨምሩ። ደብተራችሁ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ።

1967ን ተመልከቱ። በእኛ 1967 ዓ.ም. የደርግ አዋጆች ዓመት ነው። ባንኮች የተወረሱት፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 የወጣው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሐምሌ 19 የተወረሰው በዚያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. 1967 ደግሞ የእስራኤልና የዐረቦች የስድስት ቀን ጦርነት የተካሄደበት፣ የስዊዝ ቦይ የተዘጋበት ዓመት ነው። ቦዩ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ተዘግቶ ስለቆየ የጂቡቲ ወደብ ብዙ መርከብ አጥቷል። እንግዲህ «በ67 የሆነው» ሲባል የትኛው 67? ልብ በሉ፤ ቦዩ የተከፈተበት የፈረንጆቹ 1975 መሬቱም ቤቱም የተወረሰበት የእኛው 1967 ነው።

ሌላም አለ። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3፣ 1935 ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባ የገቡት ሜይ 5፣ 1936። በፈረንጅ ሁለት የተለያየ ዓመት ነው። በእኛ ግን መስከረም 22 እና ሚያዝያ 27፣ ሁለቱም 1928 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። የሩሲያ «የጥቅምት አብዮት» የተካሄደው በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 7፣ 1917 ነው። ሩሲያ ያኔ የድሮውን የጁሊያን አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር በእነሱ ኦክቶበር 25 ሆነ። በእኛ ስትቆጥሩት ደግሞ ጥቅምት 28፣ 1910 ዓ.ም. ይመጣል። ጥቅምት ሳይወጣ ማለት ነው!

3. ቃሉን ከምታውቁት ቦታ ጋር እሰሩት

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ካለው ባቡር ጣቢያ ጀምሩ። እዚያ አካባቢ ቆማችሁ ቢያንስ ሦስት ቃል መማር ይቻላል።

አንደኛው ኮንሴሽን ነው። መንግሥት ለአንድ ኩባንያ ለረጅም ዘመን የሚሰጠው የመሥራትና የመጠቀም መብት ማለት ነው። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ለ99 ዓመት ሰጡ። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው ወጪውን ስላከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው።

ሁለተኛው የተፅዕኖ ክልል ነው። አንድ ኃያል አገር የሌላውን መሬት ሳይገዛ «እዚህ ጥቅሙ የእኔ ነው» ብሎ ከሌሎች ኃያላን ጋር የሚከፋፈልበት አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን በዚህ መንገድ የሚከፋፍል ውል ተፈራረሙ። የባቡሩ መስመር የፈረንሳይ ድርሻ ሆነ። ምኒልክ ግን ድርድሩ ላይ አልነበሩም።

ሦስተኛው ራሱ ኢምፔሪያሊዝም ነው። አሁን ትርጉሙን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ወታደር ሳይልክ በገንዘብ፣ በሐዲድና በውል የሌላውን አገር አቅጣጫ መዘወርም ኢምፔሪያሊዝም ነው። ቅኝ አገዛዝ የእሱ አንድ መልክ ነው፤ ባንዲራ ተክሎ፣ ገዥ ሾሞ በቀጥታ መግዛት። ኢትዮጵያ በምኒልክ ዘመን ቅኝ አገዛዝን አልቀመሰችም፤ የገንዘብ፣ የሐዲድና የውል ጫናው ግን ነበረባት። ይህን ልዩነት የሚጽፍ ተማሪ መልሱ ከሌሎቹ ይለያል።

አሁን አንድ ገጽ ተሞልቶ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

*ማዕቀብ*
*በአጭሩ፦* ጥፋት ሠራ የተባለ አገር እንዳይነግድ፣ እንዳይበደር፣ መሣሪያ እንዳይገዛ ሌሎች አገሮች ተስማምተው ሲከለክሉት።
*ማን አደረገው?* የመንግሥታት ማኅበር። ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ነበረች።
*በማን ላይ?* በጣሊያን ላይ።
*መቼ?* ከኖቬምበር 18፣ 1935 እስከ ጁላይ 1936 እ.ኤ.አ.፤ ከኅዳር እስከ ሐምሌ 1928 ዓ.ም.።
*ምን ጎደለው?* ነዳጅ አልተካተተም። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም። የጣሊያን ወታደርና መሣሪያ የጫኑ መርከቦች በዚያው ቦይ ያልፉ ነበር። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም፣ ጀርመንም ጥላ ወጥታለች።
*ዋጋውን ማን ከፈለ?* የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሕዝብ። ሐረር መጋቢት 20፣ 1928 ዓ.ም. በቦምብ ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ጂቡቲ የሄዱበት ባቡር በድሬዳዋ አለፈ። ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ማዕቀቡ ተነሳ።
*ጎረቤት ቃላት፦* የጋራ ደኅንነት፣ የማባበል ፖሊሲ።

የመጨረሻዋን መስመር አትርሷት። «የጋራ ደኅንነት» ማለት አንዱ ከተጠቃ ሁሉም ይነሳል የሚለው ቃል ኪዳን ነው፤ የፈረሰው በእኛ ጉዳይ ላይ ነው። «ማባበል» ማለት ደግሞ ወራሪው እንዲረጋጋ የሌላውን መሬት እየቆረሱ መስጠት ነው። መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. የ1938ቱን የሙኒክ ስምምነት ነው። እናንተ ከዚያ በፊት ያለውን ጨምሩ። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆር እና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ሰፊ የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ለመስጠት በምስጢር ተስማሙ። ጋዜጣ አወጣውና ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህን ምሳሌ ያለማንገራገር ጻፉት፤ ኢትዮጵያ የዚህ ቃል ዳር ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ናት።

4. የሚምታቱትን ጥንድ ጥንድ አድርጉ

ፈታኞች የሚወዱት መንታ ቃላትን ነው። ለእነዚህ ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት።

*የተኩስ አቁም ስምምነት እና የሰላም ስምምነት።* የመጀመሪያው መሣሪያ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ጦርነቱን በሕግ ይዘጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩሱ የቆመው ኖቬምበር 11፣ 1918 ነው። የቬርሳይ ውል የተፈረመው ጁን 28፣ 1919። ኮሪያ ላይ ግን ሁለተኛው አልመጣም። የቃኘው ሻለቃ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1951 በባቡር ወደ ጂቡቲ ወርደው፣ መርከብ ተሳፍረው ኮሪያ ሄዱ። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። የተዋጉበት ጦርነት ሐምሌ 20፣ 1945 ዓ.ም. ተኩሱ ቆመ፤ የሰላም ውል ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመበትም።

*ፋሺዝም እና ናዚዝም።* ሁለቱም አንድ ፓርቲ፣ አንድ መሪ፣ ጡንቻና ጥላቻ ናቸው። ሁለቱም ኮሚኒዝምንም ሊበራል ዴሞክራሲንም ይጠላሉ። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ነው። ልዩነቱ ናዚዝም ገና ከመነሻው ዘርን መሃል ላይ ማስቀመጡ ነው፤ የጣሊያን ፋሺዝም ያስቀደመው መንግሥትን ነበር። ይህ ማለት ግን የጣሊያኑ ዘረኛ አልነበረም ማለት አይደለም። በኤፕሪል 1937 ጣሊያናዊና አበሻ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጨካኝ መንግሥት ሁሉ ፋሺስት አይደለም። ፋሺስት ከማለታችሁ በፊት የላይኞቹን ምልክቶች አንድ በአንድ ፈትሹ። ካልተሟሉ «አምባገነን» በሉት፤ በቂ ነው።

*ሶሻሊዝም እና ኮሚኒዝም።* በማርክሳውያን አነጋገር ሶሻሊዝም ፋብሪካና መሬት በሕዝብ ወይም በመንግሥት እጅ የሚሆንበት የሽግግር ዘመን ነው። ኮሚኒዝም መደብም መንግሥትም የማይኖርበት የመጨረሻው ግብ ነው። ሶቪየት ኅብረትም ብትሆን ኮሚኒዝም ላይ ደርሻለሁ አላለችም። የአገራችን ገጽ በ1967 ዓ.ም. ውርስ ይሞላል። የድሬው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከተወረሱት አንዱ ነው፤ እዚያ የሠራ ዘመድ ካላችሁ ከውርስ በፊትና በኋላ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ።

*ቅኝ ተገዥ እና ነፃ አውጪ።* እነዚህ መንታ አይመስሉም፤ ግን አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በማርች 1941 ሐረርን ከጣሊያን ያስለቀቀው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ናይጄሪያውያን ነበሩ። እኛን ነፃ ሲያወጡ የራሳቸው አገር በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ናይጄሪያ ነፃነቷን ያገኘችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። «ከቅኝ ግዛት ነፃ መውጣት» ለሚለው ገጽ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

5. የኢኮኖሚውን ቃላት በሰንሰለት ጻፉ

የኢኮኖሚ ቃል ብቻውን አይገባም። «ምን ምንን ወለደ» እያላችሁ በቀስት አያይዙት።

የመጀመሪያው ሰንሰለት ጀርመን ነው። የቬርሳይ ውል የጦር ካሳ ጣለባት፤ በ1921 እ.ኤ.አ. 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ተባለ። ክፍያው ሲዘገይ ፈረንሳይና ቤልጂየም በጃንዋሪ 1923 የሩርን የኢንዱስትሪ ክልል ያዙ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ። መንግሥት ደመወዙን ለመክፈል ብር ማተሙን አበዛ። በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ይህ ነው ልጓም ያጣ የዋጋ ንረት። ዋጋውን የከፈለው በባንክ ያጠራቀመ ጡረተኛና ደመወዝተኛ ነው።

ሁለተኛው ሰንሰለት አሜሪካ ነው። በኦክቶበር 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1930 አሜሪካ የራሷን ምርት ለመከላከል ብላ ቀረጥ ከመረች። ሌሎቹም በተራቸው ከመሩ። በ1929 እና በ1934 መካከል የዓለም ንግድ በዋጋ ሲለካ ሁለት ሦስተኛ ያህል ወረደ። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። ቀረጥ ምን እንደሚሠራ ለድሬ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገብቶ ዕቃ የገዛ ሁሉ የተቀረጠና ያልተቀረጠ ዕቃ ዋጋው እንደማይገናኝ ያውቃል።

እዚህ ላይ የዋጋ ንረትን እና የምንዛሬ ቅነሳን ለዩ። ንረት ገበያ ላይ ዋጋ ሲወጣ ነው። ቅነሳ መንግሥት የብሩን ዋጋ ከውጭ ገንዘብ አንጻር በውሳኔ ሲያወርድ ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተወሰነ። ያ ቅነሳ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲወደድ ቅነሳው ንረትን ይጠራል። በዚህ ምክንያት ነው ሁለቱ የሚምታቱት።

የ1973ቱን የነዳጅ ቀውስም በአንድ ገጽ ያዙ። የዐረብ አገሮች በኦክቶበር 1973 ነዳጅ ከለከሉ፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ወጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ሥራ አቆሙ፤ የዚያን ዓመት አብዮት ካቀጣጠሉት አንዱ ይህ ነው።

6. ቀዝቃዛውን ጦርነት ከካራማራ ተነስታችሁ አንብቡ

የበርሊን ግንብ፣ ኔቶ፣ የዋርሶ ውል፣ የኩባ ሚሳይል ቀውስ። እነዚህን ከመማሪያ መጽሐፉ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ የማተኩረው «የውክልና ጦርነት» ላይ ነው። ሁለት ኃያላን ራሳቸው ሳይዋጉ በሌሎች እጅ ሲዋጉ ማለት ነው።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያ ገባ። በነሐሴ ድሬዳዋን አጠቃ፤ ከተማዋ አልተያዘችም። ጂጂጋ በመስከረም 1970 ወደቀች። ሐረር እስከ ጥር ድረስ ተከባ ቆየች። ጂጂጋ የተመለሰችው የካቲት 26፣ 1970 ዓ.ም. ከካራማራው ውጊያ ጋር ነው።

ትልቁ ነገር የኃያላኑ መገለባበጥ ነው። ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ኢትዮጵያን ያስታጠቀችው አሜሪካ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተቀያየሩ። በኅዳር 1970 የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ። ሶቪየት መሣሪያዋን ወደ አዲስ አበባ አዞረች፤ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ።

ታዲያ የውክልና ጦርነት ነበር? የእኔ መልስ «በከፊል» ነው። መሣሪያው የኃያላኑ ነው። መነሻው ግን የእነሱ አይደለም። ሶማሊኛ ተናጋሪውን ሁሉ በአንድ ባንዲራ ሥር የማምጣት የታላቋ ሶማሊያ ፖሊሲ ነው። ሞስኮ ጦርነቱን አላዘዘችም፤ እንዲያውም ሁለቱን ልታስታርቅ ሞክራ አልተሳካላትም። ጉዳዩን ሁሉ ለዋሽንግተንና ለሞስኮ የሚሰጥ መልስ የአካባቢውን ሰው ከታሪኩ ያወጣዋል። ገጻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ከዚያ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። «አባባ፣ በ69 ነሐሴ የት ነበሩ? እማማ፣ ያኔ ዳቦ ከየት ታገኙ ነበር?» በሉ። ስለ ፖለቲካ አትጀምሩ፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሰፈሩ ጀምሩ። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በድሬ አንድ ግቢ ውስጥ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው አብሮ ይኖራል። ያ ጦርነት ከአንዱ ቤት ልጅ፣ ከሌላው ወንድም ወስዷል። «የእናንተ ሰዎች» የምትል ቃል ከአፋችሁ አትውጣ። ሰውየው ዝም ካሉ እናንተም ዝም በሉ፣ ሻይ ጠጡና አመስግናችሁ ውጡ። የነገሯችሁን ቀን ከመጽሐፍ ጋር አስተያዩት፤ የሰው ትዝታ ወርን ያሳስታል፣ የተሰማውን ግን አይረሳም።

7. ቃሉ እንደገባችሁ ፈትኑ

ከጓደኛ ጋር ተቀመጡ። አንዱ ደብተሩን ይያዝ፣ ሌላው በሁለት ደቂቃ ያስረዳ። ሕጉ አንድ ነው፦ በ«ኢዝም» የሚያልቅ ቃል መጥራት አይቻልም። ፋሺዝምን ስታስረዱ «ናሽናሊዝም» ካላችሁ እንደገና ጀምሩ። ሰው፣ ቦታና ዓመት ጥሩ። አስረጂው ሲጨርስ ያዡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ዋጋውን ማን ከፈለ?»

መልስ ያጣ ቃል ካለ ገጹን ከጥግ እጠፉት። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የታጠፉትን ገጾች ጨርሱ።